የተማሪን የኮምፒውተርና የዎርድ ችሎታ በምን እንመዝን? ለአይሲቲ መምህራንና አሠልጣኞች የንጽጽር መመሪያ

መስከረም ላይ አንድ የአይሲቲ መምህር የሚረከበው ክፍል ድብልቅልቅ ያለ ነው። አንዱ ተማሪ እናቱ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ማመልከቻ ሲተይብ ያደገ ነው። ሌላዋ ስልክ ላይ ማንም አይቀድማትም፤ ማውስ ግን ይዛ አታውቅም። ሦስተኛው ክረምቱን «ቤዚክ ኮምፒውተር» ተምሮ ሰርተፍኬት ይዞ መጥቷል፤ ትናንት የጻፈውን ፋይል የት እንዳስቀመጠው ሲጠየቅ ግን ዴስክቶፑ ላይ ዓይኑን ያንከራትታል። ሦስቱንም በአንድ የምርጫ ፈተና ብንፈትናቸው ሦስቱም ከ20 14 ሊያመጡ ይችላሉ። ያ 14 ስለ አንዳቸውም ምንም አይነግረንም።

በእጃችን ያሉት የመመዘኛ መንገዶች ብዙ ናቸው፦ የወረቀት ፈተና፣ የራስ ምዘና ቅጽ፣ ተማሪው ሲሠራ እያዩ ምልክት ማድረግ፣ የላብ የተግባር ፈተና፣ የቤት ፕሮጀክት፣ ከውጭ ተዘጋጅተው የሚመጡ የሰርተፍኬት ፈተናዎች። ሁሉንም በአንድ ዓይን አላያቸውም። ለዎርድ ችሎታ፣ አጭር የተግባር ፈተና ሰጥቶ ፕሪንት የተደረገውን ወረቀት ሳይሆን ፋይሉን ራሱን ከፍቶ ማረም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሌሎቹም ቦታ ቦታ አላቸው።

ውጤቱ ለምን ሊውል ነው?

መመዘኛ የሚመረጠው ከውጤቱ በኋላ በሚወሰነው ነገር ነው። ተማሪውን ከየት ልጀምረው የሚለውን ለማወቅ ከሆነ ማርክ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ማን ማውስ እንደሚያስቸግረው፣ ማን ደግሞ ሄዲንግ ስታይል (የዎርድ የተዘጋጁ የርዕስ ቅርጾች) ድረስ እንደዘለቀ የሚያሳይ የሩብ ሰዓት ሥራ ይበቃል። ለሴሚስተር ማርክ ከሆነ ለሁሉም እኩል የሆነ፣ ወላጅ መጥቶ «ለምን 11 ብቻ?» ቢል ከፍተው የሚያሳዩት ማስረጃ ያስፈልጋል። ለቀጣሪ ወይም ለኮሌጅ ማረጋገጫ ከሆነ ግን ያስተማረው ሰው ራሱ የሰጠው ማርክ ሚዛን አይደፋም፤ ከውጭ የሚመዝን አካል ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ለአንዱ የተሠራውን ፈተና ለሌላው ስንጠቀምበት ነው።

«የስልክ ትውልድ ነው፣ መሠረታዊውን ያውቀዋል» የሚለውንም ግምት እዚሁ እንተወው። አይኢኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የትምህርት ጥናት ድርጅት አይሲልስ በሚለው ጥናቱ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ደቡብ ኮሪያና አሜሪካን የመሰሉ አገሮች በተሳተፉበት ዙር በአማካይ 18 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ደረጃ በታች ቀሩ፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ላፕቶፕ በየቤቱ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ኮምፒውተር ለአራት በሚካፈሉበት ክፍል ግምት ብዙ አያስኬድም።

የወረቀት ፈተና፦ ርካሽ ነው፤ የሚለካው ግን ጥቂት ነው

ስልሳ ተማሪና አሥራ አምስት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላሉት ትምህርት ቤት የወረቀት ፈተና ፈተና (ማለትም ለመምህሩ ማባበያ) ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል፣ ለማረም ቀላል ነው፣ መብራት ቢጠፋም ይቀጥላል። የግብዓትና የውጤት መሣሪያዎችን መለየት፣ ራም እና ሃርድ ዲስክ በምን እንደሚለያዩ፣ ጊጋባይት ከሜጋባይት ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ቫይረስ እንዴት እንደሚተላለፍ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ መፈለግ ድካም ነው። እዚህ ድረስ ይሁን።

ወደ ዎርድ ሲመጣ ግን ወረቀቱ የሚፈትነው የቁልፍ ስም ማስታወስን ይሆናል። «ዋተርማርክ በየትኛው ታብ ሥር ይገኛል?» የሚለውን እንውሰድ። በዎርድ 2010 መልሱ ፔጅ ሌይአውት ነው፤ በዎርድ 2013 ዲዛይን ሆኗል። 2016 ሲመጣ ደግሞ ፔጅ ሌይአውት የሚባለው ታብ ራሱ ስሙ አጥሮ ሌይአውት ብቻ ቀረ። መጽሐፉ በአንዱ ስሪት ተጽፎ፣ ላቡ ውስጥ ሌላው ተጭኖ፣ ተማሪው ቤቱ ሊብረኦፊስ (ዎርድን የመሰለ መጻፊያ ያለው ነጻ ፕሮግራም) ካለው፣ ጥያቄው የሚጥለው የሚያውቀውን ልጅ ነው።

በወረቀት መፈተን ግድ ከሆነ ጥያቄውን ሁኔታ ላይ መመሥረት ይሻላል። ለምሳሌ፦ «አልማዝ ሪፖርቷን 9 ሰዓት ላይ ሴቭ አደረገች። ከዚያ አንድ አንቀጽ ጨመረች፣ 9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ዎርድ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ ተደርጓል። ኮምፒውተሩን ስትከፍት በእርግጠኝነት የምታገኘው የትኛውን ጽሑፍ ነው?» ይህ ጥያቄ ስሪት አይመርጥም፣ በሽምደዳም አይመለስም፤ ሴቭ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ብቻ ይመልሰዋል። ሌላው ጥሩ ዓይነት የተበላሸ ገጽ ፕሪንት አድርጎ «እዚህ ገጽ ላይ ምን ተሳስቷል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ ውጤቱ የእንግሊዝኛ ችሎታንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ሁለቱን መለየት የሚፈልግ መምህር ትእዛዙን በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ጽፎ፣ የቁልፎቹን ስም ብቻ ስክሪኑ ላይ እንዳሉ ይተዋቸው።

የራስ ምዘና ቅጽ፦ ለመነሻ እንጂ ለማርክ አይሆንም

«ዎርድ መጠቀም ትችላለህ? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» የሚል ቅጽ ማዘጋጀት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስትሪያ ውስጥ በተደረገ ጥናት 94 በመቶ የሚሆኑት ተሳታፊዎች የኮምፒውተር ችሎታቸው ከመካከለኛ እስከ በጣም ጥሩ እንደሆነ ተናገሩ፤ በተግባር ሲፈተኑ እዚያ የደረሱት 39 በመቶ ነበሩ። ጥናቱን ያስጠናው ፈተና የሚሸጥ ድርጅት መሆኑን መዘንጋት የለብንም፤ ሆኖም ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር በቁጥሩ አይገረምም።

ቅጹን ለማዳን ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው «ትችላለህ?» የሚለውን ትቶ «ባለፈው ዓመት ሠርተህ ታውቃለህ?» ማለት ነው፤ «ቴብል ውስጥ አንድ ረድፍ ጨምሬ አውቃለሁ»፣ «አንድን ፋይል በሌላ ስም ሴቭ አድርጌ አውቃለሁ»። ሁለተኛው ትንሽ ተንኮል ያለበት ነው፦ ከእውነተኞቹ መካከል የሌለ ነገር መጨመር፤ ለምሳሌ «ክብ ማርጂን ተጠቅሜ አውቃለሁ»። እዚያ ላይ ምልክት ያደረገ ተማሪ የቀሩት መልሶቹ በምን ሚዛን መነበብ እንዳለባቸው ነገረን ማለት ነው።

እያዩ ምልክት ማድረግ

ለፍጹም ጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ኮምፒውተሩን በትክክል ማብራትና ማጥፋት፣ ደብል ክሊክና ራይት ክሊክ መለየት፣ ይዞ መጎተት፣ መስኮት ማሳነስና መመለስ፣ ፍላሽ ሰክቶ በአግባቡ ማውጣት፤ ስምንት ወይም አሥር መስመር ያለው ቼክሊስት ይበቃል። አንድ መምህር በክፍለ ጊዜ ውስጥ ከአሥር ተማሪ በላይ ሊያይ ስለማይችል ሥራው በየሳምንቱ ተከፋፍሎ ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ይህ ዝቅተኛ ነው ተብሎ የሚናቅ ምዘና ከበፊቱ የበለጠ ክብደት አለው። ፊዚክሱን እያወቀ ከማውስ ጋር ሲታገል ደቂቃ የሚያልቅበትን ልጅ አስቀድሞ ማግኘት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

የተግባር ፈተና፦ ወረቀቱን ሳይሆን ፋይሉን

ሁለት ተማሪዎች ያንኑ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሠርተው ፕሪንት አደረጉ እንበል። ሁለቱም ወረቀት ላይ ቆንጆ ናቸው፤ ርዕሱ መሐል ላይ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል በአዲስ ገጽ ይጀምራል፣ ሰንጠረዡ ተሰልፏል። አንደኛዋ ርዕሱን በሴንተር ቁልፍ አምጥታዋለች፤ ሁለተኛው ስፔስ ባርን ሠላሳ ጊዜ መትቶ። አንደኛዋ አዲሱን ገጽ በኮንትሮልና ኢንተር ጀምራለች፤ ሁለተኛው ኢንተርን ገጹ እስኪያልቅ ተጭኖ። አንደኛዋ ቴብል አስገብታለች፤ ሁለተኛው በታብና በስፔስ አሰልፎታል። ወረቀቱን ብቻ የሚያርም መምህር ለሁለቱም 20 ከ20 ይሰጣል።

ስለዚህ ፋይሉን እንክፈት። ዎርድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8፣ ሊብረኦፊስ ራይተር ላይ ኮንትሮልና ኤፍ10 ሲጫኑ የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ፤ ስፔስ በነጥብ፣ ታብ በቀስት፣ ኢንተር በአንቀጽ ምልክት። የሁለተኛው ተማሪ ገጽ በነጥብና በምልክት ተሞልቶ ይታያል።

ከዚህ የሚፈጥነው ዘዴ ግን ፋይሉን ማናጋት ነው። ሁሉንም መርጦ የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 14 ማሳደግ፣ ወይም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት መስመር መጨመር። በትክክል የተሠራ ዶክመንት አብሮ ይስተካከላል፤ ርዕሱ መሐል ላይ ይቆያል፣ ሁለተኛው ክፍል በአዲስ ገጽ እንደጀመረ ይቀራል። በስፔስና በኢንተር የተገነባው ወዲያው ይፈርሳል። አንድ ፋይል ላይ ይህን ለማድረግ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ቢሮ የሚገባ ሰው የሚያጋጥመው ሥራም ይኸው ነው፤ አለቃው «እዚህ ጋ አንድ አንቀጽ ጨምር» ይለዋል እንጂ ፕሪንቱን ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም።

ለ9ኛና 10ኛ ክፍል የሚሆን፣ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30ውን የሚወስድ ሥራ እንዲህ ሊሆን ይችላል። መምህሩ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን፣ ምንም ቅርጽ ያልተሰጠው ጽሑፍ አስቀድሞ በየኮምፒውተሩ ያስቀምጣል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ተማሪው ጽሑፉን ራሱ እንዲተይብ ከተደረገ ሰዓቱ በትየባ ያልቃል፣ የምንለካውም የጣት ፍጥነት ይሆናል። ከዚያ በስሙና በሴክሽኑ ፎልደር እንዲከፍት፣ ፋይሉን እዚያ ውስጥ በተሰጠው ስም ሴቭ እንዲያደርግ፣ ወረቀቱን ኤ4 ማርጂኑን 2.5 ሴንቲ ሜትር እንዲያደርግ፣ ዋናውን ርዕስ በሄዲንግ 1 ንዑስ ርዕሶቹን በሄዲንግ 2 እንዲሠራ፣ የፈተና ፕሮግራም የያዘ ባለ ሦስት ዓምድ ቴብል እንዲያስገባ፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን «2016» ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ «2017» እንዲቀይር፣ ፉተር ላይ የገጽ ቁጥር እንዲጨምር፣ በመጨረሻ የፒዲኤፍ ቅጂ እንዲያወጣ ይታዘዛል። የወረቀቱ መጠን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ግን በአሜሪካ አቀማመጥ ስለሚጫኑ ዎርድ ሌተር በሚባለው መጠን ይከፈታል፤ ሌተር ከኤ4 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ያስተዋለና ያላስተዋለ እዚህ ላይ ይለያል።

ማርኩን ከ20 ስደለድል ለፋይል አያያዝ 6፣ ለስታይልና አንቀጽ 6፣ ለገጽ ዝግጅት 4፣ ለቴብል 4 እሰጣለሁ። ፋይል አያያዝ ብዙ ማርክ መያዙን የሚቃወሙ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን አሳምሮ የጻፈውን መልሶ ማግኘት የማይችል ተማሪ ምንም አልጻፈም ብዬ አምናለሁ። ለፎንት ምርጫ፣ ለቀለምና ለዎርድአርት ማርክ የለኝም።

ለጠንከር ያለ ክፍል ሌላ ዓይነት ሥራ አለ፦ የተበላሸ ፋይል ሰጥቶ አስተካክል ማለት። በስፔስ መሐል የገባ ርዕስ፣ በእጅ የተጻፈ የገጽ ቁጥር፣ ከገጽ ወደ ገጽ የተቆረጠ ቴብል ያለበት። ማዘጋጀቱ ቀላል ነው፤ ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ሥራ ስሙን አጥፍቶ መውሰድ ነው። ኩረጃም ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ወንበር የተለያየ ጥፋት ያለበት ፋይል ሊያገኝ ይችላልና።

አሁን ወደ ላቡ እውነታ። ስልሳ ተማሪ በአሥራ አምስት ኮምፒውተር አራት ዙር ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲወጣ ለሁለተኛው ስለሚነግር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ትእዛዙ አንድ ሆኖ ጽሑፉ፣ የፋይሉ ስምና የሚቀየረው ቁጥር ይለያያሉ። ብዙ ላቦች ላይ ዲፕ ፍሪዝ ተጭኗል፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። በፈተናው መሐል መብራት ሄዶ ከመጣ የተማሪው ሥራ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ያልተቆለፈውን ድራይቭ ማወቅና ተማሪዎቹ እዚያ ላይ ሴቭ እንዲያደርጉ ማዘዝ፣ ወይም በኔትወርክ የጋራ ፎልደር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሥራውን በተማሪዎች ፍላሽ መሰብሰብን አልመክርም፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከአንዱ ፍላሽ ወደ አሥራ አምስቱም ኮምፒውተር ለመድረስ አንድ ዙር ይበቃዋል። መምህሩ በራሱ ንጹሕ ፍላሽ ዞሮ ይሰብስብ።

የተቀዳ ፋይል ለመለየት ፋይል ከሚለው ሥር ኢንፎ ውስጥ ገብቶ ጠቅላላ የሥራ ጊዜውን ማየት ይረዳል፤ ሊብረኦፊስ ላይ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይገኛል። ሠላሳ ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ ላይ 1 ደቂቃ ካሳየ ጥያቄ ይነሣል። የጸሐፊው ስም ግን ላብ ውስጥ አይጠቅምም፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ስም የተከፈቱ ናቸው። ደግሞም ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ተማሪውን ጠርቶ «እስቲ ይህን ቴብል አንድ ዓምድ ጨምርበት» ማለት ነገሩን ይፈታዋል።

አማርኛ ትየባ ብቻውን ይታይ

የትየባ ፍጥነት በእንግሊዝኛ የሚለካው በደቂቃ ስንት ቃል በሚል ሲሆን አንድ ቃል አምስት ምት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ሚዛን አማርኛ ላይ እንዳለ ማምጣት ያሳስታል። በድምፅ በሚሠራ ኪቦርድ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ አምስት ምት ይወስዳል። ቃሎቻችን ደግሞ ቅጥያ እየደረቡ ይረዝማሉ። ስለዚህ በደቂቃ የተጻፈውን ትክክለኛ ፊደል መቁጠር ይሻላል፤ ዎርድ ራሱ የፊደሉን ብዛት ስለሚናገር መቁጠሩ አያደክምም። ፍጥነት የሚጠየቀውም ለጸሐፊነት ለሚሠለጥን እንጂ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ አይደለም፤ ለእሱ ሳይሳሳት መጻፉ ይበቃል።

ከአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ተማሪው የለመደው ፓወር ግዕዝ ከሆነ በኪማን፣ የለመደው ኪማን ከሆነ በፓወር ግዕዝ መፈተን ደግሞ በደል ነው። የአንዳንድ ፊደላት ቁልፍ ይለያያል። አንድ አንቀጽ ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ መስጠት፣ ኪቦርዱን እየቀያየረ እንዲጽፍ ማድረግ ከፍጥነት ይልቅ ጠቃሚ ነገር ያሳያል።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ፣ መጻፉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ፣ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ ከመጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ በአሮጌ ፎንት የሚጽፉ ቢሮዎችና ማሠልጠኛዎች ዛሬም አሉ። እንዲህ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለመፈተን ቀላሉ ዘዴ ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ፔስት ማድረግ ነው፤ አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደኅና ነው።

የቤት ፕሮጀክት

ሦስት ሳምንት ተሰጥቶት ረጅም ዶክመንት የሠራ ተማሪ፣ በ30 ደቂቃ ፈተና የማይታዩ ነገሮችን ያሳያል፤ ራሱ የሚያወጣ የርዕስ ማውጫ፣ የምስል መግለጫ፣ ደጋግሞ የማረም ትዕግሥት። ችግሩ ሥራውን ማን ሠራው የሚለው ነው። በየሠፈሩ ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በገጽ አስከፍሎ አሳምሮ ይሠራል። ይዘቱን ደግሞ ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል። ጎግል ዶክስ ለሚጠቀም ክፍል የለውጥ ታሪኩን ማየት ይቻላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ግን ያለው መፍትሔ የአምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ ነው፤ ፋይሉን አስከፍቶ፣ አንድ ንዑስ ርዕስ አስጨምሮ፣ ማውጫውን አስታድሶ ማየት። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው መምህር ፕሮጀክቱን ከጠቅላላው ማርክ ከ10 በመቶ በላይ ባያስይዘው እመርጣለሁ።

ተዘጋጅተው የሚመጡት

እዚህ ላይ ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ዓላማቸው ግን ይለያያል።

በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የሚሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው፣ የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ ውጤቱም ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው እንጂ መቶኛ አይደለም። ሙያው ላይ ተመሥርቶ ስለሚመዝን ለሥራ ፈላጊ ከክረምት ኮርስ ሰርተፍኬት እጅግ ይሻላል። ለ2ኛ ደረጃ ተማሪ የየሴሚስተር ምዘና ግን አልተሠራም።

አይሲዲኤል መነሻው ፊንላንድ ነው፤ «የኮምፒውተር መንጃ ፈቃድ» በሚል ሐሳብ ተጀምሮ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ተስፋፋ። በሞጁል የተከፋፈለ ሲሆን የአንዱ ፈተና በተለምዶ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። ጥሩ ጎኑ ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ጋር ያልታሰረ ሥርዓተ ትምህርት ያለው መሆኑ ነው። መምህር ፈተናውን ባይገዛ እንኳ የሞጁሎቹን ዝርዝር አይቶ የራሱን ቼክሊስት ቢያዘጋጅ ይጠቀማል።

የማይክሮሶፍት ኦፊስ ስፔሻሊስት የዎርድ ፈተና በተቃራኒው ከዎርድ ጋር የታሰረ ነው፣ ከነስሪቱ። ተፈታኙ 50 ደቂቃ ውስጥ በእውነተኛው ዎርድ ላይ ትንንሽ ፕሮጀክቶችን ይሠራል፤ ማለፊያው ከ1000 700 ነው። ዎርድ ችሎታን ብቻ ነጥሎ ለማረጋገጥ ከዚህ የጠነከረ ዓለም አቀፍ ፈተና አላውቅም። አይሲ3 ደግሞ ሰፋ ብሎ የኮምፒውተር መሠረታዊ እውቀትን፣ የቢሮ ፕሮግራሞችንና የኢንተርኔት አጠቃቀምን በሦስት ደረጃ ከፋፍሎ ይፈትናል። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ሰርቲፖርት የተባለው የፈተና ድርጅት ነው፤ ክፍያቸውም በውጭ ምንዛሪ የሚተመን ስለሆነ ለአንድ ሙሉ ክፍል አይታሰብም።

ኖርዝስታር ለየት ይላል። በሚኒሶታ፣ አሜሪካ የተሠራ ነው፤ ያ ግዛት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት በመሆኑ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ገብተው ያጋጠማቸው አንባቢዎች ይኖራሉ። መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታን፣ ዊንዶውስን፣ ኢሜይልን፣ ዎርድን በየራሱ ይፈትናል። ቤት ሆኖ በነጻ መሞከር ይቻላል፤ ሰርተፍኬት የሚገኘው ግን ፈታኝ ባለበት ማዕከል ተቀምጦ 85 በመቶ ሲያመጡ ነው። ድክመቱ ፈተናው እውነተኛ ፕሮግራም ላይ ሳይሆን በማስመሰያ ስክሪን ላይ መሆኑ ነው፤ አንድን ነገር በሦስት መንገድ መሥራት የሚችል ሰው የተጠበቀውን አንድ መንገድ ካልነካ ሊሳሳት ይችላል። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው አባትና እናት ደግሞ ቋንቋውም አብሮ ይፈትናቸዋል። ያም ሆኖ ለመነሻ ምዘና፣ ኢንተርኔት ላለው ማንኛውም አሠልጣኝ፣ በነጻ ከሚገኙት የምመርጠው እሱን ነው።

እኔ ብሆን

ለ9ኛ ክፍል መስከረም ላይ «ሠርተህ ታውቃለህ?» የሚለውን ቅጽ ከሩብ ሰዓት ቼክሊስት ጋር እጠቀማለሁ፤ ማርክ አልሰጥም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከመቶው 30 ለወረቀት ፈተና፣ 50 ለተግባር ፈተና፣ ቀሪውን ለክፍል ሥራና ለፕሮጀክት። የሚሠራ ኮምፒውተር ከአሥር በታች ከሆነ የተግባሩን ፈተና አልተውም፤ ሥራውን ወደ 15 ደቂቃ አሳጥሬ ፋይል አያያዝንና ስታይልን ብቻ አስቀርቼ ዙሩን አበዛለሁ።

ለኮሌጅ አንደኛ ዓመት የተበላሸውን ፋይል ማስተካከል ብቻ እሰጣለሁ፤ የሚያልፍ ከመሠረታዊው ኮርስ ነጻ ይሆናል። ሠራተኛ ለሚቀጥር መሥሪያ ቤትም ምክሬ ይኸው ነው፤ የሰርተፍኬቱን ኮፒ ከመቁጠር የራሱን ያለፈ ዓመት ሪፖርት ሰጥቶ «ይህን አድስልኝ» ማለት። ማመልከቻው ላይ «ኮምፒውተር እችላለሁ» ብሎ የማይጽፍ ሰው የለም።

ፈተናው ከመታተሙ በፊት አንድ ነገር ይፈተሽ፦ ሁሉም ትእዛዝ በኪቦርድ ብቻ ሊሠራ መቻሉ። ማየት የተሳነው ተማሪ በነጻ በሚገኘው ኤንቪዲኤ የስክሪን አንባቢ ሄዲንግ መስጠት፣ ቴብል ማስገባት፣ ፋይል ሴቭ ማድረግ ይችላል፤ «ምስሉን ጎትተህ አምጣ» የሚል አንድ ትእዛዝ ግን ከጨዋታው ያስወጣዋል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ይውጣ፣ ለእነዚህ ተማሪዎች ጊዜ ተኩል ይሰጥ፤ የማርክ መስጫው ያው ይቀጥላል።